ሉ ዊተከር ኩፐርስታውን አይገባውም የምትሉ፣ እስቲ ቁጥራችሁን አምጡ

#1 ሰከንድ_ቤዝ

ጸሐፊዎች ያለፏቸውን ተጫዋቾች ዳግም የሚያየው የኩፐርስታውን (የቤዝቦል የዝና አዳራሽ) ኮሚቴ የዲሴምበር 2025 ውጤት ከወጣ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ባሪ ቦንድስ ሆኗል። እሱም ይነሣል። እኔ የምሟገትለት ግን ከስምንቱ ዕጩዎች መካከል ስሙ እንኳ ያልነበረውን ሉ ዊተከርን ነው። ከ1977 እስከ 1995፣ 19 የውድድር ዘመን በዲትሮይት ታይገርስ፣ ሰከንድ ቤዝን እንደያዘ።

የሠራው ይኸውና፦ 2,369 ሂት፣ 244 ሆምረን፣ 1,197 ዎክ (በአራት መጥፎ ውርወራ ያለ ምት ፈርስት ቤዝ ማግኘት)። በ1978 የአሜሪካን ሊግ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ፣ 5 ጊዜ ኦልስታር፣ 3 ጊዜ የወርቅ ጓንት (የመከላከል ሽልማት)፣ በ1984 የወርልድ ሲሪስ አሸናፊ። በዋር ሲለካ 75.1።

በ2001 ማን እንደሚገባ በሚመርጠው የቤዝቦል ጸሐፊዎች ማኅበር ፊት ቀረበ። 515 ወረቀት ተቆጠረ፤ የደረሰው 15 ድምፅ ነው፣ 2.9 ከመቶ። ከ5 ከመቶ በታች ያገኘ ሰው ከዝርዝሩ ስለሚሰረዝ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ለመትረፍ 26 ድምፅ ያስፈልገው ነበር። 11 ድምፅ ጎደለው፤ በዚያው የጸሐፊዎቹ በር ተዘጋ።

በዚያው ወረቀት ላይ ከርቢ ፓኬት 423 ድምፅ፣ 82.1 ከመቶ አግኝቶ ገባ። ፓኬት ይገባዋል። ግላኮማ ዓይኑን ባይጎዳው ኖሮ ገና ብዙ ይጫወት ነበር። ነገር ግን ሂቱ 2,304፣ ሆምረኑ 207 ነው፤ ዊተከር በሁለቱም ይበልጠዋል። ፓኬት በሂት አማካይ (.318) ይበልጣል፣ ዊተከር ደግሞ በዎክ። ለአንዱ 423፣ ለሌላው 15! ይህን ያህል ልዩነት በሜዳ ላይ የት ነበር?

ከራሱ ቦታ ሰው ጋር ደግሞ እናስተያየው። ራይን ሳንድበርግ በ2005 ገባ። ሂት 2,386፣ ሆምረን 282፣ ዋር 68.0። ዊተከር ቤዝ የመድረስ መጠኑ .363፣ ሳንድበርግ .344። ይህች .019 ትንሽ ትመስላለች። ዊተከር ወደ 10,000 ጊዜ ለመምታት ስለቆመ በሥራ ዘመኑ ሲባዛ ወደ 190 ጊዜ ያህል አውት ከመሆን ይልቅ ቤዝ ላይ መቆም ማለት ነው።

አይገባውም የምትሉ ቁጥራችሁን አምጡ።

#2 አዲስ_ተመልካች

ሰላም ለሁላችሁ። ሂትና ሆምረን ይገባኛል። ይሄ ዋር የምትሉት ነገር ግን ሁልጊዜ ከሰማይ የወረደ ይመስላችኋል። ምን ተደምሮ ነው 75.1 የሚሆነው? ደግሞስ ይታመናል?

#3 ነጥብ_መዝጋቢ

ልጄ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ እዚህ ያሉት ብዙዎቹ ቁጥሩን ይጠሩታል እንጂ አይፈቱትም።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ቡድን ተጫዋቹ ተጎድቶበት በማግሥቱ ከታችኛው ሊግ በርካሽ የሚያመጣውን ሰው አስብ። ቡድኑ በሙሉ በእንደዚህ ያሉ ሰዎች ቢሞላ ከ162 ጨዋታ ወደ 48 ያህሉን ብቻ ያሸንፋል ተብሎ ይገመታል። ዋር የሚለካው አንድ ተጫዋች ከዚህ ተተኪ በላይ ስንት ድል እንዳመጣ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር ወደ ሩጫ (ነጥብ) ይቀየራል። ሂቱ፣ ዎኩ፣ ሆምረኑ እያንዳንዳቸው በአማካይ ስንት ሩጫ እንደሚያመጡ ከብዙ ሺህ ጨዋታ መዝገብ ይታወቃል። ከዚያ የሜዳው ፀባይ ይስተካከላል፤ አንዳንዱ ሜዳ ለመቺ ይመቻል፣ አንዳንዱ ለፒቸር (ለወርዋሪው)። ቤዝ ላይ ሲሮጥ ያመጣውና ያጠፋው ይጨመራል። መከላከሉ ይጨመራል። በመጨረሻ የቦታው ክብደት ይታሰባል፦ ሾርትስቶፕ፣ ካቸርና ሰከንድ ቤዝ ከባድ ስለሆኑ ይጨመርላቸዋል፣ ከፈርስት ቤዝ ይቀነሳል። ወደ 10 ሩጫ ገደማ አንድ ድል ይሆናል።

የሚታመነው ምኑ ነው ካልከኝ፣ የመምታቱ ክፍል ጠንካራ ነው። የሚያንገዳግደው መከላከሉ ነው። ከ2003 ወዲህ ኳሷ የት እንደወደቀች በቪዲዮ እየታየ ይመዘገባል። ከዚያ በፊት ላሉት ግን ከጨዋታ መዝገብ ተነሥቶ የሚሠራ ግምት ነው። ስለዚህ 75.1 እና 74 መካከል ልዩነት አለ ብለህ አትከራከር። 75 እና 50 ግን በግምት ስሕተት የሚታለፍ ልዩነት አይደለም።

#4 ግራ_እጅ

ጋሼ፣ እናመሰግናለን፣ ጥሩ አድርገው አስረድተዋል። አሁን እኔ ወደ ተቃውሞው ልግባ፤ ሰከንድ_ቤዝ ቁጥር አምጡ ስላለ።

አንደኛ፣ ዊተከር በኤም ቪ ፒ (የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) ምርጫ ከፍተኛ ደረጃው 8ኛ ነው፣ በ1983። ከዚያ ውጭ ድምፅ አላገኘም። በዘመኑ ዓይኑን አንሥቶ «ከሊጉ ምርጥ አምስት አንዱ እሱ ነው» ያለ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በሥራ ዘመን ድምር ብቻ አትፍረድ። ጄይ ጃፊ ያወጣው ጆውስ የሚባለው ስሌት የሥራ ዘመኑን ዋር ከምርጥ ሰባት ዓመቱ ዋር ጋር ደምሮ ለሁለት ያካፍላል። ዊተከር፦ 75.1 እና 37.9፣ ውጤቱ 56.5። ሳንድበርግ፦ 68.0 እና 47.1፣ ውጤቱ 57.5 ገደማ። አየህ? ሳንድበርግ በምርጥ ሰባት ዓመቱ ዊተከርን በ9 ድል ይበልጠዋል። ዊተከር ረጅም ዘመን በጥሩ ደረጃ የተጫወተ ሰው ነው። ሳንድበርግ ግን ለተወሰነ ዓመት ከሁሉም በላይ ነበር፣ የ1984ቱም ኤም ቪ ፒ ነው።

ሦስተኛ፣ ግራ እጅ ፒቸር ሲመጣበት ይደክም ነበር። አሠልጣኙ ስፓርኪ አንደርሰን በኋለኞቹ ዓመታት ግራ እጅ በሚወረውርበት ቀን ያስቀምጠው ነበር። ከተቀመጠ ደግሞ ከባዱን ፈተና ሳይፈተን አማካዩ ተጠበቀለት።

#5 ሰከንድ_ቤዝ

ግራ_እጅ፣ ይሄ ነው ክርክር። በየተራ ልመልስ።

የኤም ቪ ፒው ድምፅ የሚሰጠው በጸሐፊዎች ነው፤ ያኔ የሚያዩት የሂት አማካይና በባለቤቱ ምት የገቡ ሩጫዎችን ነው። ዊተከር ብዙ ጊዜ ከፊት የሚመታ ሰው ነው፣ ሥራው ቤዝ መድረስ ነው። 1,197 ዎክ በዚያን ዘመን ጋዜጣ ላይ በቅጡ የሚታይ ቁጥር አልነበረም። ያኔ ስላላዩት አሁንም አንየው ካልን፣ አንድ ስሕተት ሁለት ጊዜ ተቆጠረበት ማለት ነው።

በጆውስ ላይ ትክክል ነህ፣ አልክድም። ግን ያመጣኸውን ራስህ አንብበው። 56.5 እና 57.5፣ የአንድ ነጥብ ልዩነት። ሳንድበርግ በ76.2 ከመቶ ገባ፣ ዊተከር በ2.9 ከመቶ ወጣ። አንድ ነጥብ 73 ከመቶ ያህል ድምፅ አያራርቅም።

የግራ እጁ ነገርም እውነት ነው። ነገር ግን መቀመጡ ያስከፈለው ራሱን ነው። ባልተሰለፈበት ቀን ሂት አይቆጠርም፣ ዋርም አይጨመርም። 75.1 የመጣው ከነመቀመጡ ነው።

አሁን ማንም ያላነሣውን ልጨምር። የሰከንድ ቤዝ ሥራ በቁጥር ብቻ አይታይም። ኳስ ወደ ሾርትስቶፑ አለን ትራመል ሄደች እንበል፣ ፈርስት ቤዝ ላይ ሯጭ አለ። ዊተከር ወደ ቤዙ ሲደርስ ሯጩ ከጎኑ በሙሉ ፍጥነት እየመጣ ነው፣ እሱ ግን ዓይኑን ከትራመል እጅ መንቀል አይችልም። ኳሷን ደረቱ ላይ ይቀበላል፣ በጓንት አይጨብጣትም፤ ጓንቱን እንደ ግድግዳ አድርጎ ወደ ቀኝ እጁ ያነጥራታል። እግሩ ቤዙን ነክቶ ሳይዘገይ ወገቡን አዙሮ 27 ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ፈርስት ቤዝ ይወረውራል። ሯጩ እግሩን ዘርግቶ ቁርጭምጭሚቱን ሊጠልፈው ይንሸራተታል፤ ይህን የሚከለክለው ደንብ የወጣው በ2016 ነው፣ ዊተከር በተጫወተበት ዘመን የተፈቀደ ነበር። ሩብ ሰከንድ ከዘገየ ደብል ፕሌይ (በአንድ ኳስ ሁለት ሰው አውት ማድረግ) የለም፣ ጉልበትም የለም። ሰከንድ ቤዝ የሚጫወቱ ሰዎች ቶሎ የሚያረጁት በዚህ ምክንያት ነው። ዊተከር 19 ዓመት ቆመበት።

እሱና ትራመል ሴፕቴምበር 9 ቀን 1977 በአንድ ቀን ቦስተን ላይ ጀመሩ፤ 1,918 ጨዋታ አብረው ተጫወቱ፣ ይህም የአሜሪካን ሊግ ክብረ ወሰን ነው። ትራመል ገብቷል፣ በዋር 70.7። ዊተከር ውጭ ነው።

#6 ነጥብ_መዝጋቢ

ስለ ትራመል ከተነሣ የነገሩ ቁልፍ እዚያ ነው። ትራመል በ2002 ሲቀርብ 15.7 ከመቶ አገኘ። ለመግባት 75 ስለሚያስፈልግ ሩቅ ነው፣ ለመቆየት ግን በቂ ነው። ያኔ ተጫዋች እስከ 15 ዓመት በወረቀቱ ላይ ይቆይ ነበር (በ2014 ወደ 10 ዓመት ተቀነሰ)። 15ቱን ዓመት ስሙ እየተነሣ፣ እየተጻፈለት፣ ድምፁ ወደ 40.9 ደረሰ። ጸሐፊዎቹ ባያስገቡትም ኮሚቴው በ2017 መጨረሻ መረጠው።

ሌሎቹንም እዩ። በርት ብላይሌቨን በ1999 14.1 ከመቶ ነበር፣ በ2011 በ79.7 ገባ። ላሪ ዎከር በ2014 10.2፣ በ2020 76.6። ስኮት ሮለን በ2018 እንዲሁ 10.2፣ በ2023 76.3። አንድሩ ጆንስ በ2018 7.3 ነበር፣ በ2025 66.2 ደርሷል። እነዚህ ሰዎች ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ተጨማሪ ሂት አልመቱም። የተለወጠው የሚያያቸው ሰው ነው። ለመለወጥም ጊዜ ያስፈልጋል። በ2.9 ከመቶ የወጣ ሰው ያ ጊዜ አልተሰጠውም።

#7 ክሊቭላንድ_ሴንተር

ዊተከር ብቻ አይደለም። ኬኒ ሎፍተን በ2013፦ 18 ድምፅ፣ 3.2 ከመቶ። 622 ጊዜ ቤዝ የሰረቀ፣ 2,428 ሂት፣ ከ1992 እስከ 1996 አምስት ዓመት በተከታታይ በስርቆት አሜሪካን ሊግን የመራ፣ አራት የወርቅ ጓንት ያለው የሴንተር ፊልድ ተጫዋች። ዋር 68.4። ከላይ የተጠቀሰው ፓኬት ሴንተር ፊልድ ነው፣ 51.2።

የሁለቱም መንስኤ ያው ነው፤ ጸሐፊ በአንድ ወረቀት ላይ ከ10 ስም በላይ መጻፍ አይችልም።

#8 ነጥብ_መዝጋቢ

እዚህ ላይ ላርምህ። ለሎፍተን ልክ ነው፣ ለዊተከር አይደለም። በ2001 አብዛኛው ድምፅ ሰጪ አስሩን መስመር አልሞላም። ቦታ ነበረ፤ ዊተከርን ግን አላሰቡትም። ሁለቱ በሽታዎች ይለያያሉ፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

የ2013ቱ በእርግጥ መጨናነቅ ነው፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 569 ወረቀት ተቆጠረ፤ ለመግባት 427 ያስፈልጋል። ክሬግ ቢጂዮ 388 አገኘ፣ በ39 ጎደለ። ማንም ሳይገባ ቀረ። አሁን በዚያ ወረቀት ላይ ከነበሩት በኋላ የገቡትን ተጫዋቾች ቁጠሩ፦ ቢጂዮ፣ ማይክ ፒያዛ፣ ጄፍ ባግዌል፣ ቲም ሬንስ፣ ትራመል፣ ጃክ ሞሪስ፣ ኤድጋር ማርቲኔዝ፣ ሊ ስሚዝ፣ ላሪ ዎከር፣ ፍሬድ ማክግሪፍ። ልክ አስር። እነዚህን አስሩን በትክክል ለይቶ የጻፈ ጸሐፊ ወረቀቱ ሞላ። ቦንድስ የለ፣ ፒቸሩ ሮጀር ክሌመንስ የለ፣ ከርት ሺሊንግ የለ። ሎፍተንን በምን መስመር ላይ ሊጽፈው ነው? ለመትረፍ 29 ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ ሎፍተን ይገባዋል ብለው እያመኑ ቦታ ያጡ ጸሐፊዎች ነበሩ።

#9 ቤይ_ኤሪያ_25

ስለ ሰከንድ ቤዝ ይበቃል፣ ወንድሞቼ። 762 ሆምረን የመታ፣ 7 ጊዜ ኤም ቪ ፒ የሆነ ሰው ውጭ ቆሞ ስለ ማን ነው የምንከራከረው?

የ2004ን ዓመት ብቻ ተመልከቱ። ቦንድስ 232 ዎክ አገኘ። ከእነዚህ 120ው ሆን ተብሎ የተሰጠ ነው፤ ተጋጣሚው «አትምታ፣ ዝም ብለህ ሂድ» ብሎ ፈርስት ቤዝ የሰጠው። ቤዝ የመድረስ መጠኑ .609። ከአምስት ጊዜ ሦስቱን ቤዝ ላይ ነው። 45 ሆምረን እየመታ ስትራይክአውቱ (ኳሷን ስቶ በሦስት ስትራይክ አውት የሆነበት) 41 ብቻ። ሆምረኑ ከስትራይክአውቱ ይበልጣል!

ስለ አበረታች መድኃኒት የምትሉኝን አውቃለሁ። ጠርጣሪዎቹ ጀመረ የሚሉት ከ1998 በኋላ ነው። እሺ፣ በ1998 መጨረሻ ላይ እናቁመው። 411 ሆምረን፣ 445 የተሰረቀ ቤዝ፣ 3 ኤም ቪ ፒ፣ 8 የወርቅ ጓንት። ያኔውኑ ቢያቆም በመጀመሪያ ዓመቱ ይገባ ነበር።

በጸሐፊዎቹ ዘንድ በ2022፣ በመጨረሻ ዓመቱ 66.0 ደረሰ፤ ክሌመንስ 65.2። በዚያው ቀን ዴቪድ ኦርቲዝ በ77.9 ገባ። ያን ዘመን ሲመራ የነበረው ኮሚሽነር በድ ሲሊግም በኮሚቴ ተመርጦ ምስሉ ተሰቅሏል። አስተዳዳሪው ከገባ ተጫዋቹ በምን ሕግ ይቀራል?

#10 ግራ_እጅ

በሕጉ ይቀራል። የድምፅ መስጫው ደንብ የተጫዋቹን መዝገብና ችሎታ ብቻ አይጠቅስም፤ ሐቀኝነትን፣ ስፖርታዊ ጨዋነትንና ባሕርይን አብሮ ይጠራል። ደንቡን ያነበበ ጸሐፊ በዚህ ምክንያት ቢተወው መብቱን ነው የተጠቀመው።

የእኔ መስመር ግን ግልጽ ነው። ማኒ ራሚሬዝ በ2009ና በ2011 ተመርምሮ ተይዟል፣ አሌክስ ሮድሪጌዝ 2014ን ሙሉ ታግዷል። ሁለቱም ሕጉና ቅጣቱ ተጽፎ ካለ በኋላ ነው። አንዱ 555፣ ሌላው 696 ሆምረን ቢኖረውም አልመርጣቸውም። ቦንድስ በሊጉ ምርመራ ተይዞ አልታገደም፣ ከ2004 በፊት ደግሞ ቅጣት አልነበረም። ስለዚህ እኔ ቦንድስን እመርጠዋለሁ፣ ሳልወደው። ሲሊግ ስለገባ ይግባ የሚለውን ግን አልቀበልም። የአንዱ ስሕተት ለሌላው መግቢያ ካርድ አይሆንም። እንደዚያማ ከሆነ ሃሮልድ ቤይንስን አምጥቶ ግማሹን ሊግ ማስገባት ይቻላል።

#11 አዲስ_ተመልካች

ቤይንስ ደግሞ ምን አደረገ?

#12 ግራ_እጅ

እሱ ምንም አላጠፋም፣ ጥሩ መቺ ነበር፦ 2,866 ሂት፣ 384 ሆምረን። ግን አብዛኛውን ዘመኑን ጓንት ሳያጠልቅ በመምታት ብቻ ያሳለፈ፣ ዋሩ 38.7 ነው። በጸሐፊዎች ዘንድ ከፍተኛው ድምፁ 6.1 ከመቶ ነበር። በ2018 መጨረሻ ኮሚቴው ከ16 ድምፅ 12 ሰጠውና ልክ በጠርዙ ላይ ገባ። ከ16ቱ መራጮች መካከል የቀድሞ ቡድኑ ባለቤት ጄሪ ራይንስዶርፍና አሠልጣኙ ቶኒ ላ ሩሳ ተቀምጠው ነበር። ኮሚቴ ሲባል ይሄም እንዳለ እወቁ። በ2019 መጨረሻ ዊተከር ላይ ድምፅ የሰጠው ኮሚቴ ውስጥም ለእሱ የሚናገርለት ቢኖር ኖሮ 6 ድምፅ ብቻ አግኝቶ አይቀርም ነበር።

#13 ነጥብ_መዝጋቢ

የኮሚቴውን ሒሳብ ላስቀምጥላችሁ፣ ያለ እሱ የ2025ቱ ውጤት አይገባም።

መራጮች 16 ናቸው። ዕጩዎች 8። እያንዳንዱ መራጭ ቢበዛ 3 ስም ብቻ ይጽፋል። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ በሙሉ 48 ነው። ለመግባት 12 ያስፈልጋል። 48 ለ12 ሲካፈል አራት፤ ድምፁ ሳይባክን ቢከፋፈል እንኳ ከአራት ሰው በላይ ሊገባ አይችልም። በተግባር ግን ድምፅ ይበተናል።

ዲሴምበር 2025 ላይ ጄፍ ኬንት 14 አግኝቶ ገባ። ካርሎስ ዴልጋዶ 9፣ ዶን ማቲንግሊና ዴል መርፊ 6 6። ድምሩ 35። ለቦንድስ፣ ለክሌመንስ፣ ለጋሪ ሼፊልድና ለፈርናንዶ ቫለንዙዌላ ቢበዛ የቀረው 13 ድምፅ ነው። ሁሉም ከ5 በታች ሆኑ።

አዲሱ ደንብ ክፉ የሚሆነው እዚህ ነው። ከ5 ድምፅ በታች ያገኘ ሰው የሚቀጥለውን ዙር ይዘላል። ተመልሶ ሲቀርብ እንደገና ከ5 በታች ከሆነ ለሁልጊዜ ይዘጋበታል። ይህ ኮሚቴ በየሦስት ዓመቱ ስለሚሰበሰብ ቦንድስና ክሌመንስ 2028 የለም፣ 2031 ብቻ። ያ ምናልባት የመጨረሻቸው ነው። በ48 ድምፅ ክፍል ውስጥ 5 ማግኘት ቀላል አይደለም፤ የሚደግፍህ ሰው ሦስቱን ስም «ሊያልፍ ለሚችል» ሰው ማዋል ይመርጣል። ጸሐፊዎቹ ዘንድ የነበረው የ5 ከመቶ ወጥመድ አሁን ኮሚቴው ውስጥም ተተከለ።

#14 ዴንቨር_ከፍታ

ላሪ ዎከር ስለተጠራ አንድ ነገር ልጨምር። እሱና ቶድ ሄልተን ለዓመታት የተጉላሉት በአየር ምክንያት ነው። የዴንቨር ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ለእኛ ሰው ይህ ከፍታ አይባልም፤ ለቤዝቦል ግን ብዙ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ የተመታች ኳስ ትርቃለች፣ የፒቸሩ ከርቭ ቦል ደግሞ አየር ስለሚያንሳት በደንብ አትታጠፍም። ሜዳው እንዲሰፋ ተደርጎ ስለተሠራም በተጫዋቾቹ መካከል ብዙ ክፍት ቦታ አለ፣ ተራ ሂትም ይበዛል። በ2002 ኳሶቹን እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ማስቀመጥ ተጀመረ፤ የደረቀች ኳስ ስለምትነጥርና ስለምታንሸራትት።

ዎከር በዚያ ሜዳ .381 መታ። ከሜዳው ውጭ በሥራ ዘመኑ .278። ጸሐፊዎቹ ሁለተኛውን አይተው «የአየር ልጅ ነው» አሉ። ግን ከቤቱ ውጭ ቤዝ የመድረስ መጠኑ .370፣ የምቱ ኃይል .495 ነው። ይህ ብቻውን የኮከብ ቁጥር ነው። ኦ ፒ ኤስ ፕላስ የሚባለው መለኪያ ሜዳውን አስተካክሎ የሊጉን አማካይ 100 ያደርጋል፦ ዎከር 141፣ ሄልተን 133። ሁለቱም የገቡት ይህ መለኪያ በመራጮች ዘንድ ሲለመድ ነው። በዚያው መለኪያ ዊተከር 117፣ ሳንድበርግ 114።

#15 ሰከንድ_ቤዝ

117 እና 114 ያልከውን አስምሩበት። አመሰግናለሁ።

#16 የሰኔ_ኖ_ሂተር

ፒቸር ያነሣ የለም እኮ። ዮሃን ሳንታና በ2018፦ 422 ወረቀት፣ 10 ድምፅ፣ 2.4 ከመቶ። ለመትረፍ 22 ያስፈልገው ነበር።

ሁለት ሳይ ያንግ (የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሽልማት) አለው፣ 2004 እና 2006፣ ሁለቱም በሙሉ ድምፅ። ሦስተኛውን የነጠቁት በ2005 ነው። ያኔ ባርቶሎ ኮሎን 21 ድል ስላለው ተሸለመ፤ ኢ አር ኤው (በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ የሚቆጠርበት ሩጫ፣ ሲያንስ ይሻላል) 3.48። ሳንታና 2.87 ነበር፣ 238 ስትራይክአውት። ፒቸር ኳስ ይወረውራል እንጂ ለቡድኑ አይመታም፣ የድል ቁጥር የጓደኞቹም ሥራ ነው። ያ ዋንጫ በእጁ ቢሆን ኖሮ ሦስት በተከታታይ ይሆኑለት ነበር፤ ሦስት በተከታታይ ያለውን ፒቸር ደግሞ በአንድ ዓመት የሚጥል ጸሐፊ አይገኝም።

139 ድል ብቻ ነው ትላላችሁ። ሳንዲ ኮፋክስ 165 ነው፣ በ1972 በ36 ዓመቱ ገባ። ኢ አር ኤ ፕላስ (ሜዳና ሊጉ ተስተካክሎ፣ ሲበዛ ይሻላል) ብናይ ሳንታና 136፣ ኮፋክስ 131። ኮፋክስ ወርልድ ሲሪስ አለው፣ ያ ይለያቸዋል፣ እቀበላለሁ። ሳንታናን ያቆመው ትከሻው ነው፤ በ2010 የትከሻው የፊት ከረጢት ተቀደደና ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ተመልሶ ጁን 1 ቀን 2012 በ134 ውርወራ ለሜትስ በታሪካቸው የመጀመሪያውን ኖ ሂተር (አንድም ሂት ያልተመታበት ጨዋታ) ሰጠ። በ2013 ትከሻው መልሶ ከዳው።

#17 ግራ_እጅ

ሳንታና ላይ እስማማለሁ፣ ቢያንስ አሥር ዓመት ክርክር ይገባው ነበር። አስተውሉ፣ የድል ቁጥር ላይ ያለው አመለካከት እየተለወጠ ነው። ፊሊክስ ሄርናንዴዝ በ2010 13 ድልና 12 ሽንፈት ይዞ ሳይ ያንግ ወሰደ፣ በ2.27 ኢ አር ኤ። በ2025 በመጀመሪያ ዓመቱ 20.6 ከመቶ አገኘ። 169 ድል ያለው ፒቸር በ1990ዎቹ እንዲህ አይታይም ነበር። ሳንታና ጥቂት ዓመት ቀድሞ ቀረበ።

#18 ሲንሲናቲ_ቀይ

ፒት ሮዝን ማንም አያነሣም? 4,256 ሂት። ከሞተ በኋላ በሜይ 2025 ኮሚሽነሩ እገዳውን አንሥቶለታል።

#19 ነጥብ_መዝጋቢ

የተነሣው ለእሱ ብቻ አይደለም፤ የሞቱት በሙሉ ከታገዱት ዝርዝር ወጥተዋል፣ ሹለስ ጆ ጃክሰንም ጭምር። ሮዝ የሚታየው በሌላ ኮሚቴ ነው፣ ከ1980 በፊት የገነኑትን በሚያየው፤ እሱም በ2027 መጨረሻ ይሰበሰባል።

በእኔ ሚዛን አይገባም። በ1989 የታገደው ሬድስን እያሠለጠነ በራሱ ቡድን ጨዋታ ላይ ስለቋመረ ነው፤ በ2004 ራሱ አምኗል። ይህ ክልከላ በእያንዳንዱ ቡድን መልበሻ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የነበረ ነው፣ ቅጣቱም አብሮ ተጽፏል። በቡድንህ ማሸነፍ ብትቋምር እንኳ፣ ያልተቋመርክበት ቀን ለአስያዡ መልእክት ነው፦ «ዛሬ አላምንበትም» እያልከው ነው። ነገ መጠቀም ያለብህን ፒቸር ዛሬ ገንዘብህን ለማዳን ታወጣለህ። መድኃኒት የወሰደ ሰው ለማሸነፍ ነው ያጭበረበረው። የሚቋምር አሠልጣኝ ግን የጨዋታውን ውጤት ራሱን ያስጠረጥራል።

#20 ሲንሲናቲ_ቀይ

ጋሼ፣ አብዛኛውን ሂት የመታው ግን አሠልጣኝ ከመሆኑ በፊት ነው። በእነዚያ ሂቶች ውስጥ ቁማር የለም። በዚህ እንለያያለን፣ በአክብሮት።

#21 ሰከንድ_ቤዝ

ወደ ዊተከር ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም አሁን መደረግ የሚችል ነገር ያለው እሱ ላይ ነው።

እሱን የሚያየው ኮሚቴ ተመልሶ የሚሰበሰበው ዲሴምበር 2028 ነው። ቦንድስ፣ ክሌመንስ፣ ሼፊልድና ቫለንዙዌላ በዚያ ዙር መቅረብ አይችሉም፤ ኬንት ገብቷል። ከ8ቱ መስመር አምስቱ ባዶ ናቸው ማለት ነው። ስሞቹን የሚመርጠው የጸሐፊዎች ማኅበር የሚሰይመው የታሪክ ገምጋሚ ኮሚቴ ነው፤ ሥራው የሚሠራው ከስብሰባው በፊት ባሉት ወራት ነው። ዲትሮይት በሚጽፉ ጋዜጠኞች ዘንድ ክርክሩ መነሣት ያለበት በ2028 የጸደይ ወራት ነው፣ ስሞቹ ከወጡ በኋላ አይደለም።

የእኔ ስምንት፦ ዊተከር፣ ሎፍተን፣ ድዋይት ኢቫንስ (385 ሆምረን፣ 8 የወርቅ ጓንት፣ ዋር 67.2)፣ ኪት ሄርናንዴዝ (በፈርስት ቤዝ 11 የወርቅ ጓንት)፣ ዴልጋዶ፣ መርፊ፣ ማቲንግሊ፣ ሺሊንግ። ሺሊንግ በ2021 71.1 ደርሶ በ16 ድምፅ ብቻ የቀረ ነው፤ በድኅረ ውድድር 11 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸንፏል።

#22 ግራ_እጅ

ማቲንግሊን አውጣ። ዋሩ 42.4 ነው፣ ጀርባው ከተጎዳ በኋላ ያው ሰው አልነበረም። ጸሐፊዎቹ 15 ዓመት አይተውታል፣ ኮሚቴዎቹም ደጋግመው አይተውታል። ያን መስመር ለጂም ኤድመንድስ ስጠው፦ 393 ሆምረን፣ 8 የወርቅ ጓንት በሴንተር ፊልድ፣ በ2016 በ2.5 ከመቶ በአንድ ዓመት የወደቀ።

#23 ሰከንድ_ቤዝ

ተቀብያለሁ፣ ኤድመንድስ ገባ። አሁን ከባዱ፦ መራጭ ብትሆን ኖሮ ሦስት ስም ብቻ አለህ። ዊተከርን ትጽፈዋለህ?

#24 ግራ_እጅ

ዊተከር፣ ሎፍተን፣ ሺሊንግ። ስለ ምርጥ ሰባት ዓመቱ ያልኩትን አልመልሰውም። ግን 56.5 ይዞ ውጭ የሚቆም ሰከንድ ቤዝ ካለ፣ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹን ማስወጣት ሊኖርብን ነው።